ለባለደብተር እውነት አይነገርም

ዚሲስ ቡና ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ያ ወንበር ተይዞ ካገኘው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ሌላ ላይ አይቀመጥም። «እንዴት አደርክ ባርባ ዚሲስ?» (ባርባ እንደ «ጋሼ» ያለ የአክብሮት ጥሪ ነው) ያለውን ሰው መጀመሪያ ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፤ ከዚያ «ምነው፣ ምን ሰማህ?» ይለዋል። ሐኪም የደም ግፊቱን ለክቶ ቁጥሩን ሲጽፍ «ለማን ነው የምትጽፈው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። የቡና ቤቱ ባለቤት ኤቭዶኪያ፣ ዚሲስ የሞተ ዕለት የሬሳ ሣጥኑን ክዳን ከፍቶ እነማን እንደተሸከሙት ሳያጣራ አይቀበርም እያለች ታሾፍበታለች። እሱም አይቆጣም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይልና አረቄውን ይጎነጫል።

ደግሞስ እውነቱን አይደል? የግራኖቫ ሰው ካልጠረጠረ ማን ይጠርጥር! መንደራችን ግሪክ አገር፣ ተራራው ሰሜን ፊት ላይ የተለጠፈች ናት። በክረምት ፀሐይ ከሸንተረሩ በላይ ብቅ ትልና ሁለት ሰዓት ሳትሞላ ተመልሳ ትገባለች። ይህን ያህል ሰፊ ተራራ እያለ ለምን ብርዱ ላይ ሠሯት ቢባል፣ ከታች ከሜዳው እንዳትታይ ነው። የቱርክ ግብር ሰብሳቢ ሸለቆውን ይዞ ሲወጣ የሚታየው ጥድ ብቻ ነበር። አያቶቻችን ከፀሐይ መደበቅን መረጡ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ይኸው እስከ ዛሬ እናስነጥሳለን።

ስሟም ቢሆን የሚታመን አይደለም። አንድ ዘመን ከዋና ከተማ ደብዳቤ መጣ፤ ግራኖቫ የስላቭ ስም ስለሆነ ለግሪክ መንደር አይገባም፣ ከዛሬ ጀምሮ ኤላቶሬማ ተብላችኋል ይላል። የመንገዱ ምልክት ኤላቶሬማ ይላል፣ እኛ ግራኖቫ እንላለን፣ ፖስተኛው ሁለታችንንም አያምነንም።

ዚሲስ ግን መጠርጠርን የተማረው ከተራራው ሳይሆን ከአባቱ በቅሎዎች ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጣልያን በአልባንያ በኩል ድንበር ሊሻገር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ደብተር የያዘ ሰው ወደ መንደሩ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም የሚል፣ የቀረበለትን ሁሉ አመስግኖ የሚበላ ጨዋ ሰው ነበር። ስለ ተራራ መንደሮች አኗኗር ጥናት እየሠራሁ ነው፣ ለናንተው ጥቅም ነው አለ። የዚሲስ አባት በበቅሎ ጭነት የሚተዳደር ሰው ነበርና አምስቱንም በቅሎዎች በየስማቸው፣ በየዕድሜያቸው፣ በኩራት አስቆጠረ። በጥቅምት ጦርነቱ ሲነሣ የራሳችን ወታደሮች ዝርዝር ይዘው መጡ። አምስቱንም በየስማቸው ጠርተው ወሰዷቸው። «ያለኝ አንድ አሮጌ በቅሎ ብቻ ነው» ብሎ የዋሸው ጎረቤት ሌሎቹን ሦስቱን ጫካ ውስጥ አስቀረ።

አባትየው ከዚያ ወዲያ የሰውን ጭነት በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ዳገት ወጣ። አምስት ዓመት እንደዚያ ከሆነ በኋላ ወገቡ ተቆርጦ አልጋ ላይ ቀረ። ሊሞት ሲል ለዚሲስ የነገረው ስለ ርስትም ስለ እናቱም አልነበረም። «ደብተር ለያዘ ሰው እውነት አትንገር» ነው ያለው።

የቀረውን ዘመን አስተማረው። ጀርመኖች መንደሩን ሲያቃጥሉ የማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት ከነወረቀቱ አብሮ ነደደ። ቀጥሎ የወንድማማቾች ጦርነት መጣ፤ ዚሲስ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ሠራዊቱ መንደሩን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ሜዳው አወረደ። ለጥቂት ሳምንት ነው ተብለው ሦስት ዓመት በድንኳን ኖሩ። ሲመለሱ ያገኙት ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ለሥራ ወደ ጀርመን አገር ሲጎርፍ እሱም ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። የምልመላው ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ጥያቄ ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀመጠና በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ። ሚስቱ ያኑላ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። «ሙኒክ ውስጥ ሙቅ ቤት ነበረኝ፤ በአንዲት ጥያቄ ምክንያት ግራኖቫ ውስጥ በረደኝ» ትላለች።

የዚሲስ ሀብት አርባ በግና ቭሪዞላካ ናት። ቭሪዞላካ ከመንደሩ በላይ፣ ጥቁር ፈፋን ተሻግሮ እስከ ሸንተረሩ የሚደርስ ጎድጓዳ መስክ ነው። አያቱ ጥዱን መንጥሮ አጃ ዘርቶበታል፤ አባቱ በቅሎ አግጦበታል፤ እሱና ያኑላ ድርቆሽ አጭደውበታል። በግራኖቫ ምድር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያርፍበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። በጎቹ በበጋ እዚያ ይግጣሉ፤ በክረምት የሚበሉትም ድርቆሽ ከዚያው ይመጣል። ወረቀት ግን የለውም። የነበረው ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ነዷል። ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ማሪጎ፣ እናትና አባቷን አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ለመውሰድ በየዓመቱ ትለምናለች። ዚሲስ ሁልጊዜ የሚመልስላት አንድ ነገር ነው፤ በጎቹ እስካሉ አንወርድም፤ ቭሪዞላካ እስካለች በጎቹ አሉ። ከዚህ በቀር ሌላ ክርክር የለውም።

ክሌያንቲስ የመጣው ዚሲስ ሰማንያ አንድ ዓመት በሞላው በጋ ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ እናቱ ሶፊያ የግራኖቫ ልጅ ነበረች። የመንደሩን ጂኦግራፊና ታሪክ መጽሐፍ ላደርገው ነው ብሎ ደብተርና ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ይዞ መጣ። በክረምት አሥራ አንድ ሰው የሚያድርባት መንደር መጽሐፍ ሊጻፍላት! ሰዉ ደስ አለው። ኤቭዶኪያ በሁለት ቀን የሦስት ትውልድ ሐሜት ዘረገፈችለት። ስለ ወሰንና ስለ ቦታ ስም ሲጠይቅ ግን ሁሉም «እሱን ባርባ ዚሲስን ጠይቀው» አሉት። በዕድሜ ከዚሲስ የሚበልጥ የቀረ የለማ።

ዚሲስ ደግሞ ጠያቂውን ሲያጠና ነው የሰነበተው። መኪናው የየት አገር ሰሌዳ እንደለጠፈች አየ። ጫማው የደን ጠባቂ ጫማ መሰለው። አንድ ጠዋት ክሌያንቲስ የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ቆሞ በመነጽር ቭሪዞላካን ሲቃኝና ፎቶ ሲያነሣ አገኘው። በቃ፣ ነገሩ ገባው። በዚያ ሰሞን መንግሥት ተመንጥሮ የታረሰ ደን ሁሉ ወደ መንግሥት ይመለሳል እያለ ነው፤ ይኸው ሰላዩን ላከ።

ያኑላ ሳቀችበት። «የሶፊያ ልጅ እኮ ነው፤ አፍንጫውን አላየኸውም?»

«የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኩሽም» አላት። «የማን ተላላኪ እንደሆነ ነው።»

የመጠየቂያው ቀን ደረሰና ሁለቱ አደባባዩ ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ክሌያንቲስ መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ስለ ምንጮች፣ ስለ ድሮ ወፍጮ፣ መሬቱ ስለተንሸራተተበት ዓመት ጠየቀ፤ ዚሲስ ግማሹን ረሳሁ፣ ግማሹን አልሰማሁም እያለ መለሰ። ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ።

«ባርባ ዚሲስ፣ የግራኖቫ ወሰን በላይ በኩል የት ላይ ነው የሚያበቃው?»

«ጥቁር ፈፋ ላይ።»

«ከፈፋው ማዶስ? ቭሪዞላካስ?»

«እሱ የሎንጋሪዎች ነው። ከኛ ማንም እዚያ መሬት የለውም።»

ሎንጋሪ ከሸንተረሩ ማዶ ያለው መንደር ነው። ክሌያንቲስ ቅንድቡን አነሣ። እናቴ ግን ሌላ ነበር የምትለኝ አለ። ዚሲስ እናትህ በአሥራ ስምንት ዓመቷ አግብታ ወደ ሜዳ የወረደች ሴት ምን ታውቃለች ብሎ አፉን አስያዘው። አስተማሪው መቅረጫውን አጠፋና ወንበሩን አስጠጋ።

«ባርባ ዚሲስ፣ ደግመው ያስቡበት። ይህን የምጠይቅዎ ለርስዎ ጥቅም ብዬ ነው። የመሬት ምዝገባ እየመጣ…»

ለርስዎ ጥቅም! ቃሏ ራሷ ናት፤ የበቅሎዎቹ ሰውዬ የተናገራት ቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከዚህ በኋላ መልአክ ቢወርድም አይሰማውም።

«ክፈተው መሣሪያህን» አለው። ክሌያንቲስ ከፈተው። «የግራኖቫ ወሰን ጥቁር ፈፋ ላይ ያበቃል። ቭሪዞላካ የሎንጋሪ ነው። እኔ ዚሲስ ነኝ ያልኩት። ጻፈው።»

ክሌያንቲስም ጻፈው። ለማጣራት ወደ ሌሎቹ ቢሄድ ሁሉም «ባርባ ዚሲስ ምን አለህ?» እያሉ ይጠይቁታል፤ ሲነግራቸው «እንግዲህ እሱ ያለው ነው» ይሉታል። የግራኖቫ ሰው ሌላውን የግራኖቫ ሰው በእንግዳ ፊት አያሳጣም። ሁሉም ቭሪዞላካ የማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ሁሉም ደግሞ ዚሲስ እንዲህ ካለ አንድ ምክንያት አለው ብለው ዝም አሉ።

ዚሲስ የዚያን ዕለት እያፏጨ ቤቱ ገባ። ያኑላ የቦሎቄውን ሾርባ እያማሰለች ሁሉንም ሰማችው። «እንዴ! ታዲያ ሃምሳ ዓመት ጎንበስ ብዬ ያጨድኩት የሎንጋሪን ሣር ነው?» አለች።

«ዝም በይ አንቺ ሴት። የኛ አይደለም ካልነው መንግሥት ከኛ ምን ይወስዳል? መሬቱ እዚያው ነው፤ የሄደው ቃሉ ነው።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለችና ማማሰሏን ቀጠለች።

መጽሐፉ በዓመቱ ወጣ። በነሐሴ የማርያም ዕለት፣ በየከተማው የተበተነው የግራኖቫ ልጅ ሁሉ ለበዓል ሲሰበሰብ፣ ክሌያንቲስ ለየአንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ሰጠ። የዚሲስ ፎቶ ሙሉ ገጽ ላይ ወጥቶለታል፤ ከሥሩ የመንደሩ ሕያው መዝገብ ይላል። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ስለ ወሰኑ የተናገረው ቃል በቃሉ ሰፍሯል። ዚሲስ ገጹን እየገለጠ ለራሱ ይስቃል። አስተማሪ ነኝ ባይን አታለልኩት፣ መንግሥትን አታለልኩት እያለ ነው። እውነት ለመናገር በዚያ ዓመት ደስተኛ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የዚሲስ ውሸት ግን እያደር ከበደ።

ሦስት ዓመት አልፎ የመሬት ምዝገባው ደረሰ። መሬት ያለው ሁሉ እስከዚህ ቀን ድረስ ያስመዝግብ፣ ያልተመዘገበ የመንግሥት ይሆናል ተባለ። ዚሲስ መጀመሪያ ይሄም ሌላ ወጥመድ ነው ብሎ እምቢ አለ። ማሪጎ በስልክ እያለቀሰች ስታስጨንቀው እሺ ብሎ ቭሪዞላካን በስሙ አስመዘገበ። ወር ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ፤ የሎንጋሪ መንደር ተቃውሞ አቅርቧል ይላል። ሎንጋሪዎች ሸንተረሩንና መስኩን ከነፋስ ኃይል ለሚያመነጩ ማማዎች ሊያከራዩ እየተደራደሩ ኖሯል። ማስረጃቸው ምን ነበር? አርባ አንደኛው ገጽ፣ በፎቶ ኮፒ።

ዚሲስ ደብዳቤውን ያኑላ ስታነብለት ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ። ያኑላ ልትሳደብ አፏን ከፍታ ፊቱን ስታይ ተወችው። ለብቻው ወጣ። ቭሪዞላካ ድረስ ሄዶ፣ በጎቹ መሀል ተቀምጦ፣ ሲመሽ ነው የተመለሰው።

ጉዳዩ የተሰማው በአውራጃው ከተማ፣ የምዝገባው ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው የሚዳኙት፤ ሰብሳቢዋ ጠበቃ ናት፤ ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ሽማግሌ አክባሪ ናት። ሎንጋሪን ወክሎ የመጣው ሊቀመንበራቸው ፓንዴሊስ ነው። ክሌያንቲስም ከነመቅረጫው ተጠርቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢዋ ገጹን ካነበበች በኋላ መቅረጫው ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ የዚሲስ ድምፅ፣ ኩራት የሞላበት፣ ጻፈው የሚለው፣ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ይህ ድምፅ የርስዎ ነው?» አለችው።

«የኔ ነው።»

«ታዲያ አሁን ቭሪዞላካ የኔ ነው የሚሉት እንዴት ነው?»

«ያኔ ዋሽቼ ነው።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ያኔ ይሁን አሁን የዋሹት፣ እኛ በምን እንለይ?»

ዚሲስ ከሸንተረሩ ላይ የወሰን ድንጋይ አለ ብሎ ጀመረ። አያቱ ያንን ድንጋይ ሲተክል እሱንና ሌሎች ሦስት ልጆችን ይዞ ወጥቶ፣ ድንጋዩ አጠገብ ካቆማቸው በኋላ በተራ በተራ በጥፊ እንዳጮላቸው ተናገረ። የድሮ ሰው ወሰን የሚያስመዘግበው እንደዚያ ነበር፤ ወረቀት ይቃጠላል፣ በጥፊ የተመታ ልጅ ግን ቦታውን እስኪሞት አይረሳም። ዚሲስ ሁለት ጥፊ ነው የቀመሰው፤ የመጀመሪያው ሳያስለቅሰው ስለቀረ። ግራ ጉንጩን በእጁ ነካ አድርጎ አሳያቸው። ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላው ሰው የተመታበትን ጉንጭ እንደ ሰነድ ሲያቀርብ ሰብሳቢዋ ፊቷን ዝቅ አደረገች። ፓንዴሊስ ግን ጎበዝ ምላሰኛ ነው፤ እኛንም አያቶቻችን አጩለውናል፣ እኛን የመቱን ጥቁር ፈፋ ላይ ነው አለ። ሁሉም ሳቁ። ድንጋዩ ይታይ ቢባል፣ የዛሬ አሥር ዓመት የጫካው መንገድ ሲጠረግ ቡልዶዘር ጠራርጎት ገደል ገብቷል።

ለዕረፍት ሲወጡ ዚሲስ ኮሪደሩ ላይ ክሌያንቲስን እጅጌውን ይዞ አስቆመው። ንገራቸው አለው፤ እናትህ ቭሪዞላካ የኛ ናት ትልህ እንደነበር ንገራቸው።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለ ክሌያንቲስ። «የሞተች ሴት ለልጇ ያወራችው ወግ ነው አሉኝ።» ከዚያም እንዲህ አለው። «ባርባ ዚሲስ፣ እኔ ያንን መጽሐፍ ለምን እንደጻፍኩት ያውቃሉ? የመንደሩ ወረቀት ሁሉ እንደነደደ እናቴ ነግራኛለች። የመሬት ምዝገባ እየመጣ ነው፤ ሎንጋሪዎች ዓይናቸውን ጥለዋል። የርስዎ ቃል ታትሞ ቢቀመጥ ለእናንተ እንደ ወረቀት ይቆጠራል ብዬ ነበር። ለዚያ ነው ሦስት ጊዜ የጠየቅኩዎ።»

ዚሲስ እጅጌውን ለቀቀ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርዎ ስጀምር አቋረጡኝ። ክፈተው መሣሪያህን አሉኝ።»

ቭሪዞላካ ለሎንጋሪ ተፈረደ። ይግባኝ በስድሳ ቀን ውስጥ ይቻላል፤ ነገር ግን አዲስ ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለ። ሎንጋሪዎች ስድሳውን ቀን አልጠበቁም፤ በሳምንቱ ፈፋውን ተከትለው የሽቦ አጥር ዘረጉ። ዚሲስ በጎቹን ከአጥሩ ወዲህ ማዶ አቁሞ ሲያይ የዋለ ዕለት ኤቭዶኪያ እንኳ አላሾፈችም። ማሪጎ ደወለችና የእንግዳ ክፍሉን ቀለም እያስቀባሁት ነው አለች። ድርቆሽ አልታጨደም፤ በጎቹን ክረምት የሚያሻግር ነገር የለም። የበግ ነጋዴ መጥቶ ዋጋ ሲጠራ ዚሲስ እስከ ስድሳኛው ቀን ታገሰኝ ብሎ መለሰው።

ክሌያንቲስ ክፉ ሰው አይደለም። የይግባኙ ቀን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተመልሶ መጣ። የመጽሐፉን እርማት ላወጣ ነው፤ የርስዎን ቃል እንደገና እቀዳለሁ፤ ከይግባኙ ጋር እናያይዘዋለን አለ። በዚያች ከሰዓት ዚሲስ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ያኑላ አይብና የዱር ቅጠል የገባበትን ፒታ ቆርሳ አቀረበች።

ዚሲስም ተናገረ። ወይ ጉድ! ስልሳ ዓመት አብራው የኖረችው ያኑላ እጇ ፒታው ላይ እንዳለ ቀረች። ስለ ምንጮቹ ረሳሁ ያለውን ሁሉ ተናገረ፤ ሰባት ምንጭ በየስሙ። ወፍጮው የማን እንደነበር፣ ለምን እንደፈረሰ። አባቱ የተቀበረበትን፤ ጀርመኖች ሲመጡ ደወሉ የተደበቀበትን፤ በጦርነቱ የሞቱ የሁለቱም ወገን ልጆች አንድ ላይ የተቀበሩበትን፣ ማንም ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ቦታ። የወሰኑን ድንጋይ ቀለም፣ ከግራ የነበረውን የተሰነጠቀ ጥድ፣ የአያቱን እጅ ክብደት። ድምፁ እስኪሰልል ተናገረ። አንዲት ቃል አልዋሸም።

ክሌያንቲስ ይጽፋል። ግን በዝግታ ነው የሚጽፈው። በየመሀሉ ብዕሩን አንሥቶ ዚሲስን ያየዋል፤ «ይሄኛው እርግጥ ነው?» ይለዋል፤ እንደገና ይጽፋል። ከዚያ አብረውዎት በጥፊ የተመቱት ሦስቱ ልጆች እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ።

ዚሲስ በጣቱ ቆጠረ። አንደኛው በወንድማማቾች ጦርነት እዚያው ሸንተረር ላይ ሞተ። ሁለተኛው ከተሸነፉት ጋር ድንበር ተሻግሮ ሶቪየት አገር፣ ታሽከንት ገባ፣ ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ጠፋ። ሦስተኛው ሜልቦርን ነበር፤ ባለፈው ዓመት ፋሲካ ልጁ ደውሎ አረፈ አለ።

«ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም? ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ሰው ብቻ ባጣራው?»

«የለም» አለ ዚሲስ። «እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ክሌያንቲስ ራሱን ነቀነቀ፤ ጎንበስ ብሎ ደብተሩ ጠርዝ ላይ አንዲት አጭር ነገር ጻፈ። ዚሲስ ዓይኑ ደካማ ቢሆንም ያቺን ጽሑፍ አየ፤ አጭር ጽሑፍ መቼም አይወድም። ያኑላን ጠራና አንብቢልኝ አላት። ክሌያንቲስ ደብተሩን ሊዘጋ ፈልጎ፣ አፍሮ ተወው። ያኑላ መነጽሯን አደረገች።

«‹ዚሲስ እንደሚለው› ይላል» አለች። ከዚያ የቀረውን አነበበች። «‹ያረጋገጠለት ሌላ ሰው የለም።›»

ዚሲስ ከወንበሩ ተነሣ። ምድጃውን ዞሮ መጣና የአስተማሪውን ብዕር የያዘ እጅ በሁለት እጁ ያዘው። በሕይወቱ ለማንም ያላለውን ቃል ነው የተናገረው።

«እመነኝ» አለ። «እመነኝ ልጄ።»

«አምንዎታለሁ ባርባ ዚሲስ» አለ ክሌያንቲስ። እጁን ቀስ አድርጎ አላቀቀ፣ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ፣ ቀጣዩን ገጽ ገለጠ። የጻፈውን ግን አልሰረዘውም።